የጥላው አቅጣጫ

ባለፈው ዓመት ክረምት ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ በሰፈራችን ከሚኖሩ አንድ አዛውንት የ1889 ዓ.ም. የምኒልክ ብር ገዛሁ። የቤታቸው ጣሪያ አርጅቶ ማፍሰስ ስለ ጀመረ ቆርቆሮ መግዣ ቸግሯቸው ነበር። ሳንቲሙን ከእናታቸው ሙዳይ ውስጥ በነጭ ጨርቅ እንደ ተጠቀለለ አወጡና መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። «ውሃ ነክቶት አያውቅም» አሉኝ። እኔም በመስኮቱ ብርሃን ሁለት ደቂቃ ያህል አገላብጬ ካየሁት በኋላ፣ «አባባ፣ ይህ ታጥቧል» አልኋቸው። ከጠየቁኝ ዋጋ ግማሹን ሰጠኋቸው፤ አልተከራከሩኝም።

አሮጌ የብር ሳንቲም በሚሰበስቡ ሰዎች ዘንድ «ታጥቧል» ቀላል ቃል አይደለም። የአንድን ሳንቲም ዋጋ በአንድ ትንፋሽ ይቆርጣል፤ ከዚያም አልፎ የባለቤቱን ቃል ሐሰት ያደርጋል። ያን ቀን ቃሉን የተናገርሁት አምኜበት ነው፤ ለማታለል አንዳችም ሐሳብ አልነበረኝም። ይሁን እንጂ ፈራጁም ገዢውም እኔው ነበርሁ፤ ከፍርዱ የተጠቀምሁትም እኔው ነኝ። አዛውንቱ ገንዘቡን ቆጥረው ወደ ኪሳቸው ሲከቱ ፊታቸው ላይ ያየሁት ነገር ቁጣ አልነበረም፤ የሚያውቁትን ነገር የሚያስረዱበት አጥተው ዝም ያሉ ሰው ፊት ነበር። እሱ ፊት ነው ሲከነክነኝ የከረመው።

ነጩ ብር

ያን ያህል ፈጥኜ የፈረድሁት ያለ ምክንያት አልነበረም። ከዚያ ሁለት ዓመት አስቀድሞ ከአንድ የጌጣጌጥ ሱቅ አንድ የ1887 ዓ.ም. ብር ገዝቼ ነበር። እንደ ወተት ነጭ ነበር፤ በመስታወቱ ውስጥ ከሌሎቹ ሁሉ ቀድሞ ዓይኔን የሳበው እሱ ነው። እቤት ወስጄ ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው 28 ግራም መዘነ፣ ስፋቱም 40 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ ሐሰተኛ እንዳልሆነ ካረጋገጥሁ በኋላ ልቤ ዐረፈ። ሚዛን ስለ መታጠብ ምንም እንደማይናገር ያን ጊዜ አላሰብሁበትም። በማጠብ የሚነሣው የብር ሽፋን እጅግ ስስ ስለሆነ የወርቅ ቤት ሚዛን እንኳ አያውቀውም።

ልብ ያላልሁት ነገር ፊት ለፊቴ ነበር። የአንበሳው ጋማ ተልጎ ለስልሷል፣ የንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ ጌጦችም ተዳፍነዋል፤ ይህ ሳንቲም ከእጅ ወደ እጅ፣ ከገበያ ወደ ገበያ ለብዙ ዓመታት ሲዞር ኖሯል ማለት ነው። እንዲህ የዞረ ብር ግን በፊደላቱ ሥርና በጋማው ስንጥቆች ውስጥ ጥቁረት ይይዛል፤ ላብም፣ አቧራም፣ የማጀት ጭስም እዚያ ይቀራሉና። የኔው ሳንቲም እስከ ፊደሉ ሥር ድረስ ነጭ ነበር። ያረጀ ፊትና አዲስ የወጣ ሳንቲም ንጣት በአንድ ሳንቲም ላይ አብረው አይኖሩም። ይህን ያስተዋልሁት ከገዛሁት ከወራት በኋላ ነው። በዚያው ሰሞን «ሞዐ አንበሳ» ከሚለው ጽሕፈት አጠገብ ትንንሽ ቡናማ ነጠብጣቦች ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ፤ ሳንቲሙ የታጠበበት አሲድ በደንብ ሳይለቀለቅ እንደ ቀረ ያወቅሁት በእነሱ ነው።

ብር የሚጠቁረው በአየሩ ውስጥ ካለው ድኝ ጋር ስለሚዋሐድ ነው። የማገዶ ጭስ፣ የሱፍ ጨርቅ፣ ጎማ፣ እንቁላል፣ ሁሉም ድኝ አላቸው። ሽፋኑ መጀመሪያ ስስ ሲሆን እንደ ገለባ ወርቃማ ይሆናል፤ እየወፈረ ሲሄድ ወደ ቀይ ቡናማ፣ ወደ ወይን ጠጅ፣ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል፤ በመጨረሻም ይጠቁራል። በመንከር የሚያጸዱ ሰዎች የሚጠቀሙበት ፈሳሽ ብዙውን ጊዜ ታዮዩሪያ የተባለ ንጥረ ነገር ከአሲድ ጋር የተቀላቀለበት ነው፤ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ጥቁረቱን ያሟሟዋል። ጥቁረቱ ግን ከላይ የተለጠፈ እድፍ አይደለም። ራሱ ብሩ ነው የተለወጠው። ስለዚህ ጥቁረቱ ሲሄድ የሳንቲሙ የራሱ ገጽ አብሮ ይሄዳል።

ከዚያ ገጽ ጋር የሚሄደው ደግሞ ወዘናው ነው። ሳንቲም በከባድ መምቻ ሲመታ ብሩ ከመሐል ወደ ጠርዝ በኃይል ይፈስሳል፤ በዚህም ጊዜ በባዶ ዓይን የማይታዩ፣ ከመሐል ወደ ዳር የሚዘረጉ እጅግ ደቃቅ መስመሮች ገጹ ላይ ይቀራሉ። ያልተነካ ሳንቲም በአንድ አምፖል ሥር ሲዘነብል ብርሃኑ እንደ መንኰራኩር ዘንግ በፊቱ ላይ የሚዞረው በእነዚህ መስመሮች ምክንያት ነው። አሲዱ የመስመሮቹን ጫፍ ይበላል። ሳንቲሙ ይነጣል፤ ብርሃኑ ግን መዞሩን ትቶ በአንድ ቦታ ይፈዛል። ልክ ከረዥም ሕመም የተነሣ ሰው፣ ፊቱ ንጹሕ ሆኖ ወዘና እንደሚያጣው ያለ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ተገቢ ይመስለኛል። መንከርና መፈተግ አንድ አይደሉም። ጥሩ ወዘና ያለው ሳንቲም አንድ ጊዜ ለአጭር ሰከንድ ተነክሮ ወዲያው በውሃ ከተለቀለቀ ጉዳቱ ጥቂት ነው፤ እንደ ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ ያሉ የአሜሪካ ደረጃ ሰጪ ድርጅቶችም እንዲህ ያለውን ብዙ ጊዜ ያሳልፉታል። በአመድ፣ በአሸዋ፣ በጥርስ ሳሙና ወይም በሻካራ ጨርቅ የተፈተገውን ግን የደረጃ ቁጥር ነፍገው «የጸዳ» የሚል ማስታወሻ ይጽፉበታል። መፈተግ ጭረት ይተዋል፣ ጭረትን ደግሞ ማንም መመለስ አይችልም። በሌላ በኩል በአንገት ላይ ለጌጥ የሚንጠለጠል ጠገራ ብር ለበዓል በአመድና በሎሚ ቢታሽ ሊወቀስ የሚገባው ሰው አይታየኝም፤ እሱ ሳንቲምነቱን ትቶ ጌጥ ሆኗልና በጌጥ ወግ ይያዛል።

ከነጩ ብር በኋላ ዓይኔ ተለወጠ። የሚያበራ ብር ሁሉ ያስበረግገኝ ጀመር፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ።

ሁለት ደቂቃ በመስኮት ሥር

የአዛውንቱ ሳንቲም የሚያበራ ነበር። ከንጉሠ ነገሥቱ ፊት ለፊት ባለው ባዶ ሜዳ ላይ ደግሞ ወደ አንድ አቅጣጫ ያዘነበሉ፣ እንደ ፀጉር የቀጠኑ መስመሮች ነበሩ። ለኔ በቂ ነበር። ብሩህ ነው፣ ተመሳሳይ አቅጣጫ ያላቸው ጭረቶች አሉት፣ እንግዲህ አንድ ሰው በጨርቅ ፈትጎታል ብዬ ደመደምሁ። የነገሩኝም ሰው አዛውንት ናቸው፤ እናታቸው የዛሬ ስንት ዓመት በሳንቲሙ ላይ ምን እንዳደረጉ በምን ያውቃሉ አልሁ በልቤ። «ታጥቦ አያውቅም» የማይል ሻጭስ የት አለ?

የመስኮት ብርሃን ሰፊና ለስላሳ ነው፤ ከሁሉም ወገን ስለሚመጣ ጥላ አይጥልም፤ ጥላ የሌለበት ብርሃን ደግሞ የሳንቲምን ገጽ ለመመርመር አይሆንም። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ፤ ለሌሎች ሰዎች ስናገረው ኖሬአለሁ። ያን ቀን ግን ማጉያ መነጽሬን ከኪሴ አላወጣሁም፣ አምፖልም ይብራልኝ አላልሁም። ዐይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል፤ በኔ ላይ የሆነው ተገላቢጦሹ ነው፤ ልቤ ቀድሞ ስለ ፈረደ ዓይኔ የተፈረደውን ብቻ አየ።

ጥላው

ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ሌሊት ሳንቲሞቼን በየስማቸው እየመዘገብሁ ነበር። ክፍሉ ጨልሟል፤ ከጠረጴዛው ላይ ካለችው አንዲት አምፖል በቀር ሌላ ብርሃን አልነበረም። የአዛውንቱን ብር ጠርዙን ብቻ ይዤ ከአምፖሉ ሥር አዘነበልሁት። መዝገቡ ላይ «1889፣ የታጠበ» ብዬ አስቀድሜ ጽፌያለሁ። የቀረኝ የጭረቶቹን ቦታ መጻፍ ነበር፤ ስለዚህ አሥር እጥፍ የሚያጎላውን መነጽር ወደ ዓይኔ አስጠጋሁ።

መጀመሪያ ያየሁት መስመሮቹ የት እንደሚቆሙ ነው። ከጠርዙ በኩል ተነሥተው በባዶው ሜዳ ላይ ይመጡና የንጉሠ ነገሥቱ አፍንጫ ዘንድ ሲደርሱ ያቆማሉ። በጉንጩ ላይ አንድም መስመር የለም፤ በዘውዱም ላይ የለም። ፊደላቱ ዘንድ ሲደርሱ ደግሞ በፊደሉ ሥር እንደ መግባት ይሉና በወዲያኛው ወገን ይቀጥላሉ፤ የፊደሉ ጀርባ ግን ንጹሕ ነው። እጄ ላይ ያለውን ሳንቲም ለጥቂት ጊዜ አስቀመጥሁት። በጨርቅ የሚፈትግ ሰው አፍንጫ አይቶ አይቆምም። ጨርቅ መጀመሪያ የሚነካው ከፍ ብሎ የወጣውን ነው፤ ጉንጩን፣ ዘውዱን፣ የአንበሳውን ጎን፣ የፊደላቱን ጀርባ። እንዴት ሆኖ ነው ዝቅ ያለው ሜዳ ተጭሮ ከፍ ያለው ፊት የዳነው?

ከዚያ ጥላውን አየሁ። አምፖሉ በግራዬ ነበር። የፊደላቱ ብሩህ ጎን ወደ ግራ፣ ጥላቸው ወደ ቀኝ ይወድቃል፤ ፊደላት ከገጹ ከፍ ያሉ ናቸውና እንዲህ መሆን ይገባዋል። ጭረት ግን ጉድጓድ ነው፤ ብርሃን ከግራ ሲመጣ የሚበራው የጉድጓዱ የቀኝ ግድግዳ ነው፤ ጥላው የሚያርፈው በግራ በኩል፣ ወደ አምፖሉ በሚቀርበው ከንፈር ሥር ነው። እኔ ጭረት ያልኋቸውን መስመሮች አንድ በአንድ ተከተልኋቸው። ብሩህ ጎናቸው ወደ ግራ፣ ጥላቸው ወደ ቀኝ፤ ልክ እንደ ፊደላቱ። ሳንቲሙን ግማሽ ዙር አዞርሁት፤ የፊደላቱ ጥላ ሲገለበጥ የመስመሮቹም ጥላ አብሮ ተገለበጠ። ሁሉም ከገጹ ከፍ ያሉ ነበሩ።

ከፍ ያለ መስመርን ማንም ሰው በመፈተግ ሊሠራው አይችልም። ፈታጊ ከሳንቲሙ ላይ ያነሣል እንጂ አይጨምርም። እነዚህ መስመሮች የመጡት ሳንቲሙ ከመወለዱ በፊት ነው። ይህ ብር የተመታው ፓሪስ ውስጥ ነው፤ በመምቻ ቤት ሠራተኞች ሳንቲሙን የሚመታውን የብረት ማኅተም ሲያድሱ ወይም ሲያለሰልሱ በሻካራ ነገር ይሞርዱታል። ሞረዱ በማኅተሙ ላይ የተወው ጎድጓዳ ጭረት፣ ብሩ ሲመታ ይሞላና በሳንቲሙ ላይ ከፍ ብሎ ይወጣል። ማኅተሙ ደግሞ የሳንቲሙ ግልባጭ ነው፤ በሳንቲሙ ላይ ዝቅ ያለው ሜዳ በማኅተሙ ላይ ከፍ ያለው ስለሆነ ሞረዱ የሚያገኘው እሱን ብቻ ነው። ፊቱና ፊደላቱ በማኅተሙ ውስጥ የጎደጎዱ ናቸውና ሞረዱ አይደርስባቸውም። መስመሮቹ አፍንጫው ዘንድ የቆሙት በዚህ ምክንያት ነው። የአንድ ፓሪሳዊ ሠራተኛ የእጅ ምልክት፣ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በአዛውንቱ እናት ላይ ወንጀል ሆኖ ተቆጠረ።

ራሴን ለመጠራጠር ሌላ ሳንቲም አመጣሁ። ቪየና ውስጥ በቅርብ ዘመን የተመታ ጠገራ ብር አለኝ፤ እንደሚታወቀው ዘመኑ ሁልጊዜ 1780 ነው የሚለው፣ ይህኛው ግን ሜዳው እንደ መስታወት የሚያበራ አዲስ ነው። በመነጽሩ ሳየው እነዚያው ከፍ ያሉ መስመሮች በእቴጌ ማሪያ ቴሬዛ ምስል ዙሪያ ባለው ሜዳ ላይ አሉ፤ ፊቷ ዘንድ ሲደርሱም ይቆማሉ። ከዚያ ነጩን የ1887 ብር አጠገቡ አስቀመጥሁ። በእሱ ላይ ያሉት ጥቂት ጭረቶች ጉንጩንና ሜዳውን ሳይለዩ ያቋርጣሉ፤ ጥላቸውም በተቃራኒው ወገን ነው። ሦስቱን ጎን ለጎን ሳያቸው ጥርጣሬ አልቀረኝም።

ወዘናውንም ያን ጊዜ ነው ያየሁት። የአዛውንቱ ብር ሲዘነብል ብርሃኑ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ሳይቆራረጥ ዞረ፤ በመስመሮቹ ላይም ሳይሰናከል አለፈ። በመስኮት ብርሃን ነጭ ያልሁትም ነጭ አልነበረም። በፊደላቱ ዙሪያ እንደ ጤፍ ገለባ የቀለለ ወርቃማ ቀለም አለ፤ ወደ ጠርዙ ሲጠጋ ወደ ቀይ ቡናማ ያደላል። በተከደነ ሙዳይ ውስጥ፣ ከማጀቱ ጭስ ርቆ፣ በጥጥ ጨርቅ ተጠቅልሎ የኖረ ብር እንዲህ ቀስ ብሎ ቢወይብ የሚገርም አይደለም። ማብራቱ የመታጠብ ማስረጃ አልነበረም፤ የጥሩ አያያዝ ማስረጃ ነበር።

መዝገቡ ላይ የጻፍሁትን ሰረዝሁ። እስኪነጋም አልተኛሁም።

የቀረው ገንዘብ

ሦስት ቀን ዘገየሁ፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ሽያጩ በፈቃድ የተደረገ ነው፣ ዋጋውን ተስማምተንበታል፣ ማንም አይጠይቀኝም፤ እነዚህን ምክንያቶች ሁሉ ለራሴ ደርድሬአለሁ። የምኒልክ ብር ገበያ የሚያውቅ ሰው ሳያውቅ ከሚሸጥ ሰው በርካሽ መግዛቱ በሰብሳቢዎች መካከል እንደ ብልሃት የሚታይበት ጊዜም አለ። የኔ ጉዳይ ግን ከዚያ ይለያል። አዛውንቱ እውነቱን ነግረውኛል። ዋጋው የወረደው እሳቸው ስላላወቁ አልነበረም፤ የሚያውቁትን እኔ በተሳሳተ ምስክርነት ስለሻርሁባቸው ነው። አላዋቂው እኔ ነበርሁ፤ የአላዋቂነቴን ዋጋ የከፈሉት ግን እሳቸው ናቸው።

በአራተኛው ቀን የቀረውን ግማሽ ገንዘብ፣ ሁለቱን ሳንቲሞች፣ መነጽሩንና አንዲት የእጅ ባትሪ ይዤ ሄድሁ። ቆርቆሮው ገና አልተገዛም ነበር፤ ሳሎኑ መሐል ለዝናቡ ሳፋ ተቀምጧል። የመጣሁበትን ስነግራቸው መጀመሪያ አልገባቸውም፤ ገንዘብ ላስመልስ እንጂ ልጨምር የመጣሁ ሰው እሆናለሁ ብለው አላሰቡም። መጋረጃውን ዘግተን ባትሪውን አብርቼ ሳንቲሙን እንዲያዩ መነጽሩን ሰጠኋቸው። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ስለ ነበር ክንዳቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉ። «ጥላውን ይመልከቱ አባባ፣ የፊደሉን ጥላና የመስመሩን ጥላ» አልኋቸው።

ረዥም ጊዜ አዩ። ከዚያ ነጩን ብር አነሡና እሱንም አዩ፤ መልሰው አስቀመጡት። «ይሄኛውስ ምን አድርገውት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። አሲድ ውስጥ እንደ ተነከረ ነገርኋቸው። ምንም አላሉም፤ በአውራ ጣታቸው ጠርዙን ዳሰሱት ብቻ።

ገንዘቡን ሳይቆጥሩ ተቀበሉኝ። ከዚያ ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡና ሙዳዩን ይዘው ተመለሱ። ከውስጡ ያን ነጭ ጨርቅ አወጡ፤ ሳንቲሙን የሸጡልኝ ቀን ለብቻው አስቀርተውት ነበር። «እናቴ በዚህ እንደ ጠቀለለችው ነው የኖረው፤ ይህን ብታይ ኖሮ ያን ጊዜም ታምነኝ ነበር» አሉና ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ከታጠፈበት ቦታ መሐል አንድ ግራጫ ክብ አለ፣ ብሩ ለዓመታት ተኝቶ ጥቁረቱን ያተመበት፤ ዳርና ዳሩ ጥርት ያለ፣ ያልተፈተገ፣ ያልተጎተተ። ሳንቲሙን አንሥቼ ክቡ ላይ አስቀመጥሁት። ሙሉ በሙሉ ሸፈነው።